ቅዳሜ የተጻፈው የሰኞ ምረቃ

አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ «ውሏችን» በሚባል ሳምንታዊ መጽሔት ቢሮ ውስጥ ጠብ ከተነሣ ሃያ ደቂቃ ሆኖት ነበር። ጠቡ የሁለት ሰው ነው ይባል እንጂ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው። የመጽሔቱ ባለቤትና ዋና አዘጋጅ አቶ ወንድይራድ በታይፒስቷ በየትምወርቅ፣ በሒሳብ ሠራተኛውና በፎቶ አንሺው ፊት ጠረጴዛቸውን በእስክሪብቶ እየመቱ ይቆጣሉ፤ የፊልም ገጹ ጸሐፊ ሲራክ ደግሞ ፊታቸው ቆሞ ይሰማል። መልስ ሊሰጥ ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቷል። ብዙ ጊዜም መልሶ ገጥሞታል።

«ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወንበርህ ባዶ ነበር» አሉ አቶ ወንድይራድ። «የት እንደነበርክ እኔ ልንገርህ። ሲኒማ ነበርክ።»

ሲራክ ሲኒማ ቤት መሄዱን አልካደም።

«ሥራዬ እኮ ነው ጋሼ» አለ።

«ሥራህ መጻፍ ነው። ማየት መዝናናት ነው። እኔ ደግሞ የቀጠርኩህ እንድትዝናና አይደለም።»

ቀጥለውም ፍርዳቸውን ተናገሩ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ገጽ ሃያ ሁለት፣ ማለትም የፊልም ገጹ፣ ከሲራክ ይወሰዳል። እሱ ወደ ሙት ዓመት መታሰቢያና ወደ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ማስታወቂያዎች ይዛወራል። እዚያ ገጽ ላይ ማንም ሥራ ጥሎ የትም መሄድ አያስፈልገውም፤ ፎቶውን ቤተሰቡ ራሱ ይዞ ይመጣል አሉ።

ይህ ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ለሲራክ ግን ያ ገጽ ሕይወቱ ነበር። ጀሞ ውስጥ በተከራያት አንዲት ክፍል ግድግዳው በሙሉ የፊልም ፖስተር ነው። እሑድ እሑድ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሱ የውኃ መርጫና የሽንኩርት ቢላዋ ይዞ ይወጣል፤ ጊዜ ያለፈባቸውን ፖስተሮች ከየአጥሩ ላይ እያራሰ፣ ጥጋቸው እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀ ይልጣል። አከራዩ ቤቱ የቆመው በፖስተሩ ሙጫ ነው እያሉ ያሙታል። ቢያሙትም የተተረጎመውን የቱርክ ተከታታይ ድራማ ያለ እሱ አያዩም፤ ማን ማንን እንደከዳ የሚያስታውሳቸው እሱ ነው። የገባበትን የሲኒማ ትኬት ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣል። አንድ ተዋናይ በስንት ፊልም ፖሊስ ሆኖ እንደገባና በስንቱ አንዲት ቃል ሳይናገር እንደወጣ ጠይቁት፣ ይነግራችኋል።

እያንዳንዱን ፊልም ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚያየው። መጀመሪያ ፊልሙን ያያል። በሁለተኛው ከፊት ጥግ ይቀመጥና ዞሮ ሰዉን ያያል። ፊልሙ የት ላይ እንደሚያስቅ የሚያውቀው ተመልካቹ ነው ይላል። ከዚያ ሲጽፍ ያየውን ብቻ ይጽፋል፤ ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ካልሆነም አይደለም ይላል። በዚህ የተነሣ የሲኒማ ቤት በረኞች ያከብሩታል፤ አንባቢም መጽሔቱን ገዝቶ መጀመሪያ የሚገልጠው ገጽ ሃያ ሁለትን ነው። የቀሩትን ገጾች አንድ በአንድ የምታነበው የትምወርቅ ብቻ ናት፤ እሷም የምታነበው ስለምትተይባቸው ነው።

አቶ ወንድይራድ ግን ማየት የማያስፈልጋቸው ሰው ናቸው፤ ሁሉን ያውቃሉ። አንድ ጊዜ የልብ ሐኪም ለቃለ መጠይቅ ቢሮ ድረስ መጥቶ ነበር። አቶ ወንድይራድ ስለ ልብ ሲያስረዱት አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀባቸውና ሐኪሙ አንድም ቃል ሳይናገር ጊዜው አለቀ። ቃለ መጠይቁ ግን በሚቀጥለው ሳምንት በሁለት ገጽ ወጣ።

የጠቡ መነሻ ያለፈው ቅዳሜ ነው። «ውሏችን» ቅዳሜ ማተሚያ ቤት ይገባል፣ ሰኞ ጠዋት አዟሪ እጅ ይደርሳል። አዲስ ፊልም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመረቀው ሰኞ ወደ ማታ ነው። ስለዚህ የሰኞው ምረቃ በመጽሔቱ ላይ የሚወጣው ሳምንቱን ጠብቆ ነው። ሲራክ ለዓመታት እንዲህ ነው የሠራው፤ አንባቢውም ለምዶታል። በዚያ ሳምንት ግን አንድ ተፎካካሪ መጽሔት ረቡዕ ረቡዕ መውጣት ጀመረ። አቶ ወንድይራድ ይህን ሲሰሙ ሲራክን ጠሩትና ሰኞ የሚመረቀውን «ሦስተኛው ጃንጥላ» የተባለ ፊልም ዛሬውኑ እንዲጽፍ አዘዙት።

«ምን ብዬ ልጻፍ? ገና ሰኞ ነው የሚታየው» አለ ሲራክ።

አቶ ወንድይራድ ተገረሙ። ምረቃ ሁሉ አንድ ነው አሉት። አዳራሹ ይሞላል፣ ሰው ያለቅሳል፣ መጨረሻ ላይ ይጨበጨባል፣ ከዚያ አበባ ይሰጣል። ይህን ለመጻፍ የግድ መሄድ ያስፈልጋል ወይ? ሲራክ ካላየሁ አልጽፍም አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፣ ግን አለው። አቶ ወንድይራድም ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ ደግሞ ጤና ኖሮት አያውቅም።

ሰኞ ሲራክ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተነሥቶ ወደ አዳራሹ ሄደ። ምረቃው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ትራንስፎርመር ፈነዳ። ጄኔሬተሩም የተቻለውን አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ክት ልብሱን ለብሶ የመጣ ሰው ሁሉ ደጅ ቆሞ ቀረ፤ ሴቶቹ ተረከዘ ረጅም ጫማቸውን በየተራ እያወለቁ እግራቸውን ያሳርፋሉ። በመጨረሻ ምረቃው ወደ ቅዳሜ መተላለፉ ተነገረ።

ሰዉ ለመሄድ ሲያመነታ አንድ መጽሔት አዟሪ በዚያ አለፈ። አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ «ውሏችን»ን ገዛና ገጽ ሃያ ሁለትን ገለጠ። ከዚያ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ሰኞ ምሽት በደመቀ ሁኔታ በተመረቀው ‹ሦስተኛው ጃንጥላ› ፊልም አዳራሹ በእንባ ታጥቧል። የዋናዋ ገጸ ባሕርይ አሳዛኝ አሟሟት ያልነካው ልብ አልነበረም። ፊልሙ ሲያበቃ ተመልካቹ ለሰባት ደቂቃ ቆሞ አጨብጭቧል።»

«መቆሙንስ ቆመናል» አለ አጠገቡ ያለው ሰው። «የቀረብን ጭብጨባው ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲራክ ብቻ አልሳቀም፤ ከጽሑፉ ሥር «ሲራክ ይመር» ተብሎ የታተመውን ስም ከሰውዬው ትከሻ በላይ አይቶታል። የገጹ አሠራር እንዲያ ነው፤ ስሙ ሁልጊዜ ከታች ተቀምጦ ጽሑፉን ይጠብቃል፣ የሚመጣው ጽሑፍ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ሲራክ የጃኬቱን ኮሌታ ወደ ላይ ሰብስቦ፣ በፖስተር ሰሌዳው ጀርባ አልፎ ወደ ታክሲው ሄደ።

በነጋታው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ደረጃው ላይ የትምወርቅን አገኛትና ማን እንደጻፈው ጠየቃት። ሳቋን መያዝ እያቃታት ነገረችው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ የፊልሙን ፖስተር ግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ ከጀርባዋ ቆመው፣ እያዩ አስጽፈዋታል። ፖስተሩ ላይ አንዲት ልጅ በቀይ ጃንጥላ ሥር ቆማ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እንባ ካለ ሐዘን አለ አሉ። ጃንጥላው ቀይ ስለሆነም ሰው መሞቱ አይቀርም ብለው ልጅቷን ገደሏት። የትምወርቅ መጽሔቱ እኮ የሚወጣው ሰኞ ጠዋት ነው ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን ሰው መጽሔት የሚያነበው ማክሰኞ ነው አሏት።

ሲራክ ወደ ቢሮ የገባው ይህን ይዞ ነው። ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ አቶ ወንድይራድ ስለ ባዶው ወንበር ቀደሙት፤ መጀመሪያ ያወራኋችሁ ጠብ በዚህ ተጀመረ።

«ጋሼ፣ እኔ ትናንት ፊልሙን አላየሁትም» አለ ሲራክ አሁን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ሳይገጥም።

«ሥራ ጥለህ ሲኒማ ሄደህ ፊልም አላየሁም ትለኛለህ? ምን ስታይ ነበር፣ ወንበሩን?»

«ወንበሩንም አላየሁትም።»

አቶ ወንድይራድ ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ለመልሱ ትንፋሽ ሲሰበስቡ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት መጽሔት ጠቅልላ እንደ ዱላ ይዛ ገባች። ወይዘሮ ትርንጎ ትባላለች፤ «ሦስተኛው ጃንጥላ»ን የጻፈችውም ያዘጋጀችውም እሷ ናት። ለፊልሙ ስትል የምትተዳደርበትን ሚኒባስ ሸጣለች። ሰላምታ አልሰጠችም። መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ይህን የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀች።

አቶ ወንድይራድ ስለ ጽሑፉ ልታመሰግን የመጣች መስሏቸው ፈገግ አሉ።

«ፊልሙ እኮ አልታየም» አለች ወይዘሮ ትርንጎ። «መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ከደጅ ተመልሷል።»

ፈገግታው ባለበት ቀረ፤ የሚሄድበት አላገኘም።

ወይዘሮ ትርንጎ በዚህ አላበቃችም። ፊልሙ አስቂኝ ፊልም ነው አለች። ፖስተሩ ላይ ያለችው ልጅ ያነባችው ከሳቅ ብዛት ነው፤ አትሞትም፣ እንዲያውም መጨረሻ ላይ ታገባለች። ከትናንት ጀምሮ ስልኳ ዕረፍት የለውም። ለቅዳሜ ትኬት የያዙ ሰዎች እየደወሉ ሐሳባችንን ቀይረናል ይሏታል። አንዷ ወዳጇማ ለቅሶ በሰፈራችን ሞልቶ የለ እንዴ፣ ለምን ታክሲ ይዤ እመጣለሁ ብላታለች። ሰው ቅዳሜ ካልመጣ ሚኒባሱም ፊልሙም ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የጸሐፊውን ማንነት ትፈልጋለች፤ ለሲኒማ ቤቶቹም ለፊልም ሠሪዎቹም ትናገራለች፣ ያ ሰው ከእንግዲህ በየትኛውም አዳራሽ በር አያልፍም።

አቶ ወንድይራድ ተነሡና በገዛ እጃቸው ወንበር ሳቡላት። ድምፃቸው ልጁ እንዳስቸገረው አባት ሆነ። የዛሬ ወጣት አልሠራ ማለቱን፣ እሳቸው ስንቱን እንደሚችሉት በሰፊው አስረዱ። ከዚያ ጣታቸውን በገጹ ግርጌ ባለው ስም ላይ አሳረፉ።

«ስሙ ይኸው» አሉ። «ትናንትም ሥራ ጥሎ ሲኒማ መሄዱን አሁን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አምኗል።»

ወይዘሮ ትርንጎ ሲራክን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እሷ ቦርሳዋን ስታስተካክል አቶ ወንድይራድ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ተሳስቻለሁ በላት፣ ይቅርታ ጠይቃት» አሉት በሹክሹክታ። «ገጽህ ያንተው ይሆናል።»

ነገሩ ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ከተናገረ ገጽ ሃያ ሁለት ይመለስለታል። ግን ያንን ቃል ከተናገረ የሚገባበት ሲኒማ አይኖርም፤ ሲኒማ የማይገባ ሰው ደግሞ ገጹን ይዞ ምን ያደርጋል? እንደ አቶ ወንድይራድ ፖስተር እያየ ሰው ይገድላል። እምቢ ብሎ «የጻፉት እሳቸው ናቸው» ቢል ደግሞ ያው አለቃውን በአደባባይ ያዋረደ ሰው ይሆናል፤ የሙት ዓመት ገጹም ይቀርበታል። ሲራክ ትንሽ አሰበ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በትሕትና ተናገረ።

«እትዬ ትርንጎ፣ እኔ ትናንት ከእንግዶችዎ ጋር ደጅ ቆሜ ነው ያመሸሁት። እኔ የምጽፈው የሆነ ነገር አይቼ ነው። ይሄ ግን ሰኞ የሚሆነውን ቅዳሜ ላይ ሆኖ የሚናገር ጽሑፍ ነው። በኛ መጽሔት ገና ያልሆነውን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ ኮከብ ቆጠራውን የሚጽፉት ሊቀ ከዋክብት። ቅሬታዎን ለእሳቸው ያቅርቡ።»

የትምወርቅ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቆሙ።

ወይዘሮ ትርንጎ ቁጣዋ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ታየ። ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ሊቀ ከዋክብት?» አለች። «እኔ እኮ በየሳምንቱ ነው የማነባቸው። ኮከቤ ሐመል ነው፤ ሰኞ ለሐመል የሠመረ ቀን ነው፣ የጀመሩት ሁሉ ያምርላቸዋል ብለው ጽፈው ነው ምረቃውን ሰኞ ያደረግኩት። የት ነው የማገኛቸው?»

ሊቀ ከዋክብትን በዚያ ቢሮ ውስጥ በአካል ያየ ሰው አልነበረም። ወንበር የላቸውም፣ ስልክ የላቸውም፣ በበዓል እንኳ ብቅ አይሉም። ጽሑፋቸው ግን ዓርብ ዓርብ ከአቶ ወንድይራድ መሳቢያ፣ በአቶ ወንድይራድ የእጅ ጽሑፍ፣ ለየትምወርቅ ይደርሳታል።

መጀመሪያ የትምወርቅ ወደ አቶ ወንድይራድ አየች። ከዚያ የሒሳብ ሠራተኛው አየ። ከዚያ ፎቶ አንሺው። ወይዘሮ ትርንጎ ጥያቄዋን እንደያዘች የሰዉን ዓይን ተከትላ ዞረችና የእሷም ዓይን የሁሉም ዓይን ያረፈበት ቦታ ላይ አረፈ። እዚያው ብዙ ቆየ።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። ሁለት የመጥሪያ ካርዶች አወጣችና ለሲራክ ሰጠችው።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ና» አለችው። «አይተህ ጻፍ። ካልሳቅክም እንዳልሳቅክ ጻፍ፣ ግድ የለኝም።»

ሲራክ ካርዶቹን ተቀብሎ በሁለት እጁ ያዛቸው። በዚያ ቢሮ ከዚያ ወዲያ ገጽ ሃያ ሁለት የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደማይኖር የገባው ይመስላል፤ የትምወርቅ ደግሞ ሳትታዘዝ የሚቀጥለውን ሳምንት ገጽ ከፍታ ቦታውን ባዶ ተወችው።

ወይዘሮ ትርንጎ ለመሄድ ተነሣችና በሩ ጋ ስትደርስ ወደ አቶ ወንድይራድ ዞረች።

«ጋሼ፣ መቼም እርስዎ ያገኟቸዋል» አለች። «ቅዳሜ ለሐመል እንዴት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ደግሞ ጃንጥላ ይዤ ልምጣ ወይስ ልተወው ይበሏቸው።»

አቶ ወንድይራድ ስለ ማንኛውም ነገር የሚናገሩት አጥተው አያውቁም ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። እስክሪብቷቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰኩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ከመስቀያው አወረዱና በወይዘሮ ትርንጎ አጠገብ ጠበብ ብለው አልፈው ደረጃውን ወርደው ሄዱ።